ዝም ያለ መለከት ያገለግላልን?

የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች፣ ማለትም የጥበብ ጥርስ የምንላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ይህ ደግሞ በወጣቶች ኅብረት ውስጥ የምንገኝ የብዙዎቻችን ዕድሜ ነው። ለአንዳንዱ ያለ ችግር ይወጣሉ። ለሌላው ግን ቦታ አጥተው ያጋድማሉ፣ ድድ ያሳብጣሉ፣ አጠገባቸው ያለውን ጤነኛ ጥርስ ይጎዳሉ። ያን ጊዜ ሐኪሙ “ይነቀል” ይላል።

ለብዙ ሰው ይህ የጥቂት ቀን ሕመም ነው። ማስታገሻ ይዋጣል፣ ሾርባ ይጠጣል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ነገሩም ይረሳል። በአምልኮ ቡድን ውስጥ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ክላርኔት ወይም ዋሽንት ለሚነፋ ወጣት ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። የመጀመሪያው ጥያቄው “መቼ ነው መንፋት የምችለው?” የሚል ነው። ከዚህ ጥያቄ ሥር ሌላ አለ፤ “እስከዚያ ድረስ እኔ ለቤተ ክርስቲያን ምን ነኝ?” ከዚያም ሥር ሦስተኛው ይመጣል፤ “የማገለግለው እግዚአብሔርን ከሆነ፣ ስለ አንድ ጥርስ ብዬ መቀመጥ አለማመን አይሆንብኝም?”

የመጀመሪያውን ሐኪም ይመልስልናል። ሁለቱን ግን ሐኪም አይመልስልንም፤ አብረን ልናስብባቸው ይገባል።

በአፍ ውስጥ የሚሆነው

ስለ መታገሥ ከመናገራችን በፊት የምንታገሠው ለምን እንደ ሆነ እንወቅ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ትዕግሥቱ ቶሎ ያልቅበታል።

ጥርስ ሲነቀል በቦታው ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱን ደም ይሞላዋል፣ ደሙም ይረጋል። ይህ የረጋ ደም ተጉመጥምጦ የሚተፋ ቆሻሻ አይደለም። አጥንቱንና ነርቩን የሚሸፍን ክዳን ነው፤ አዲሱ ሥጋም የሚያድገው በእርሱ ላይ ነው። ክዳኑ ያለ ጊዜው ከተነሣ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። ሐኪሞች ይህን “ድራይ ሶኬት” ይሉታል። በተነቀለ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ልክ “ተሻለኝ” ሲባል፣ ሕመሙ ድንገት ይብሳል፤ እስከ ጆሮም ይዘልቃል። በታችኛው መንጋጋ የጥበብ ጥርስ ላይ ይበልጥ ያጋጥማል። “በስትሮ አትጠጡ፣ በኃይል አትትፉ፣ አታጭሱ” የምንባለው ስለዚህ ነው።

አሁን በዚህ ላይ ትራምፔት እንጨምር። ትራምፔት የሚነፋ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ በአፉ ውስጥ አየር ያምቃል። ድምፁ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግፊቱም ይጨምራል። ከትንፋሽ መሣሪያዎች መካከል ትራምፔትና ኦቦ ከፍተኛ ግፊት ከሚጠይቁት ናቸው፤ ፍሉት ግን ቀለል ይላል። የላይኛው የጥበብ ጥርስ ሥር ደግሞ በጉንጭ አጥንት ውስጥ ላለው የአየር ክፍተት፣ ሳይነስ ለሚባለው፣ በጣም የቀረበ ነው። በመካከላቸው ያለው ስስ አጥንት በነቀላው ጊዜ ሊከፈት ይችላል። እንዲህ ከሆነ የታመቀ አየር ሲገፋበት፣ ሊደፈን የነበረው ቀዳዳ እንደ ገና ይከፈታል። አልፎ አልፎም አየሩ በቁስሉ በኩል ከቆዳ ሥር ገብቶ ጉንጭን ያሳብጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉንጫችንን የሚሠራው ጡንቻ በሕክምና ቋንቋ “ባክሲኔተር” ይባላል። ስሙ ከላቲን የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ “መለከት ነፊ” ማለት ነው። ይህ ጡንቻ የሚነሣው ከመንጋጋ ጥርሶች አጠገብ ካለው አጥንት ነው። እንግዲህ የጥበብ ጥርስ ሲነቀል ቁስሉ የሚያርፈው መለከት ነፊው ጡንቻ በተተከለበት ሰፈር ነው። መንጋጋ ተሳስሮ አፍ በደንብ አልከፈት የሚለውም ጡንቻዎቹ ስለሚቆጡ ነው። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ደግሞ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት ይሰጣል። ነርቩ ከተነካ ከንፈር ለሳምንታት ሊደነዝዝ ይችላል፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ከዚያም በላይ ይቆያል። ለክራር ተጫዋች ጣት ምን እንደ ሆነ፣ ለነፊ ከንፈር እንዲሁ ነው።

ታዲያ ስንት ቀን? ለቀላል ነቀላ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይባላል። አጥንት ተቆርጦ፣ ድድ ተሰፍቶ ከሆነ ወይም ሳይነስ ከተነካ ከዚያ ይረዝማል። ድዱ በሳምንታት ይገጥማል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ግን እስኪሞላ ወራት ይፈልጋል። ቀኑን መቁረጥ ያለበት አፋችንን ያየው ሐኪም ነው። እርሱም እንዲቆርጥልን የትንፋሽ መሣሪያ እንደምንጫወት ከነቀላው በፊት ልንነግረው ይገባል፤ ካልነገርነው ስለ ስትሮ እንጂ ስለ ሳክስፎን አያስብም።

ለምን እንቸኩላለን?

አንድ ሳክስፎን የሚነፋ ወጣት በአሳባችን እንሣል። ሐሙስ ዕለት ሁለት ጥርስ ተነቀለ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የወጣቶች ኮንፈረንስ አለ። መዝሙሮቹ ተመርጠዋል፣ በመግቢያው ላይ የእርሱ ሶሎ አለ፣ ቲሸርት እንኳ ታትሟል። የልምምድ መሪው “እንዴት ነህ? ትደርሳለህ አይደል?” ብሎ ደውሏል። እርሱም “እደርሳለሁ፣ ጸልዩልኝ” ብሏል።

ይህ ልጅ ክፉ አሳብ የለውም፤ ማገልገል ይወዳል። ነገር ግን ውስጡ የሚገፋው ፍቅር ብቻ አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት መሣሪያ የጀመረ ሌላ ልጅ አለ። በልምምድ ላይ የእርሱን ቦታ የሸፈነው ያ ልጅ ነው፤ ጥሩም ነፍቷል ተብሏል። “ጥሩ ነፋ” የሚለው ወሬ ከተነቀለው ጥርስ ይልቅ አመመው።

ብዙ ጊዜ ችኮላችን የሚወለደው ከዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያለ እኛ እንዳትቸገር እንሰጋለን እንላለን፤ ያለ እኛ ሳትቸገር እንዳትቀር የምንሰጋበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ራሳችንን የምንመረምርበት ቀላል ጥያቄ አለ፤ ፕሮግራሙ ያለ እኔ አምሮ ቢያልፍ ደስ ይለኛል? ልባችን ሳያመነታ “አዎን” ካለ፣ ለመመለስ መጓጓታችን ንጹሕ ነው። ካመነታ ግን መሣሪያውን ከማንሣታችን በፊት ከልባችን ጋር የምንነጋገረው ነገር አለ።

“እምነት ቢኖርህ”

በመካከላችን በቅንነት የሚነገር አንድ ንግግር አለ፤ “እምነት ቢኖርህ አይጎዳህም፤ የጌታን ሥራ ልትሠራ አይደለም እንዴ?” የሚናገረው ወንድም ሊያበረታታ ፈልጎ ነው። በሰሚው ላይ የሚጭነው ሸክም ግን ቀላል አይደለም። ቢነፋ አፉ ይጎዳል፤ ባይነፋ እምነቱ የጎደለ ይመስለዋል።

እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን። ስለ ታመመ ሰው መጸለይ ይገባናል፤ እንጸልያለንም። ጥያቄው እርሱ ይችላል ወይስ አይችልም የሚል አይደለም። ጥያቄው እኛ ቀኑን ቆርጠን፣ ፕሮግራም አትመን፣ “በዚህ ቀን ፈውስ” ማለታችን መታመን ነው ወይስ መፈታተን የሚል ነው። ጌታችን በመቅደሱ ጫፍ ላይ በቆመ ጊዜ ፈታኙ የጠየቀው መታመንን የሚመስል ነገር ነበር፤ ለዚያውም ከቅዱሳት መጻሕፍት ጠቅሶ። ጌታ ግን አልዘለለም። አባቱ እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር፤ ያንን ለማረጋገጥ መዝለል ግን አላስፈለገውም።

ጳውሎስም ለወጣቱ አገልጋይ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ሕመሙ የሚሆን ተግባራዊ ምክር ሰጥቶታል። እምነትህ ጎድሎ ነው አላለውም። ሐኪሙ ሉቃስም ከጳውሎስ የቅርብ ባልንጀሮች አንዱ ነበር። ስለዚህ ሐኪም “ሁለት ሳምንት ጠብቅ” ያለውን ወጣት እምነቱን መጠራጠር አይገባንም። የረጋው ደም ሥራውን እንዲሠራ መተው፣ ሰውነትን በዚህ መንገድ እንዲሽር አድርጎ የፈጠረውን ማመንም ነውና።

አገልግሎት ዋጋ አያስከፍልም?

አንድ ተገቢ መቃወሚያ አለ። “እንዲህ ካሰብን ሁላችንም ለራሳችን የምንሳሳ እንሆናለን። አገልግሎት መሥዋዕትነት አይደለም እንዴ? አፍሮዲጡስ?” ይላል።

እውነት ነው። የፊልጵስዩስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ታሰረው ጳውሎስ የላከችው አፍሮዲጡ ታምሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ ጳውሎስም ነፍሱን ስለ አገልግሎቱ እንደ ሰጠ ሰው እንዲያከብሩት ጽፎላቸዋል። ይህን ማለዘብ አንችልም። ግን ሁለት ነገሮችን እንመልከት። አንደኛ፣ አፍሮዲጡ የደከመው በእስር ላለ ሰው የሚያስፈልገውን ለማድረስ ነው። ተጠቃሚው ሌላ ሰው ነበር፤ ችግሩም እውነተኛ ነበር። ሁለተኛ፣ ጳውሎስ ከሕመሙ በኋላ ተጨማሪ ሥራ አልጫነበትም። ወደ አገሩ መልሶ ላከው።

ስለዚህ ዋጋ ከመክፈላችን በፊት ዋጋው ለማን እንደሚከፈል እንጠይቅ። በኮንፈረንሱ መግቢያ ላይ ሳክስፎን ባይኖር ማን ይራባል? መዝሙሩ ይዘመራል፤ ምናልባት በመጠኑ ይቀዘቅዝ ይሆናል። በአንጻሩ ቁስሉ ቢከፈት የሚጠፋው የአንድ ቀን ፕሮግራም አይደለም፤ የወራት አገልግሎት ሊሆን ይችላል። ለአንድ መግቢያ የብዙ እሑድ መዝሙር መስጠት መሥዋዕት ሳይሆን ብክነት ነው። እናቶቻችን “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚሉት ይህንን ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሁኔታም አለ። ትራምፔት የምትነፋ አንዲት እኅት ጥርሷን በተነቀለች በአምስተኛው ቀን የጓደኛዋ እናት ዐረፉ እንበል። ጓደኛዋ እያለቀሰች “እማዬ የምትወደውን መዝሙር ቀብሯ ላይ ንፊላት” ብላ ለመነቻት። እዚህ ላይ ዝና የለም፤ ፉክክርም የለም። ያለው ፍቅር ብቻ ነው፤ እንቢ ማለትም ልብ ይሰብራል። ቢሆንም የረጋው ደም የነፋንበትን ምክንያት አያውቅም። በፍቅር የታመቀ አየርና በትዕቢት የታመቀ አየር በቁስሉ ላይ የሚሠሩት አንድ ነው። ይህች እኅት ማድረግ የምትችለው ሌላ ብዙ ነገር አለ። ለቅሶ ቤት ገብታ አብራ ማደር፣ ወንበር ማመላለስ፣ ቡና ማቅረብ፣ ጓደኛዋን ደግፋ መቃብር ድረስ መሄድ ትችላለች። መዝሙሩንም አፏ ሲድን፣ ለቀስተኛው በተበተነ ጊዜና ቤቱ ጭር ባለበት ወቅት፣ በሳሎናቸው ትነፋላቸዋለች። ምናልባት ያን ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋቸው ይሆናል።

ዝምታም ተራ አለው

ወደ ርእሳችን እንመለስ። በዘኍልቍ መጽሐፍ ምዕራፍ 10 ሙሴ ሁለት የብር መለከቶች እንዲሠራ ታዘዘ። አንዱ ብቻ ሲነፋ አለቆች ይሰበሰባሉ፤ ሁለቱም ሲነፉ ማኅበሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ሌላ ዓይነት ድምፅ ሲሰማ ሰፈሩ ይነሣል። ሕዝቡ ይህን ለይቶ ሊያውቅ የቻለው መለከቶቹ በቀረው ጊዜ ዝም ስለሚሉ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚነፋ መለከት ማንንም አይጠራም። በኖታም ላይ ዕረፍት የራሱ ምልክት አለው፤ እንደ ድምፁ ሁሉ ይቆጠራል።

በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 8 ስለ ሌዋውያን የሚናገር ሥርዓት አለ። ከ25 ዓመት ጀምሮ ያገለግላሉ፤ 50 ሲሞላቸው ከከባዱ ሥራ ይለቀቃሉ። ነገር ግን ወደ ቤታችሁ ሂዱ አይባሉም። በመገናኛው ድንኳን ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ጥበቃውን ይጠብቃሉ። ሥራቸው ቢለወጥም ቦታቸው አልተነሣባቸውም።

ካህኑ ዘካርያስም አለ። ሊያጥን ገብቶ አንደበቱ ተዘግቶ ወጣ። የእርሱ ዝምታ ባለማመኑ የመጣ ተግሣጽ ነበር፤ ጥርስ መነቀል ግን ተግሣጽ አይደለምና ሁለቱን እንዳናምታታ። ሆኖም ሉቃስ አንዲት ትንሽ ነገር ጽፎልናል። ዘካርያስ ወደ ቤቱ የሄደው የአገልግሎቱ ቀን ከተፈጸመ በኋላ ነው። መናገር የማይችል ካህን ተራውን ጨርሶ ሄደ። አፉ በተከፈተ ጊዜም መጀመሪያ የወጣው ምስጋና ነበር።

እንግዲህ ለሁለት ሳምንት መንፋት የማይችል ወጣት ምን ያድርግ? ከልምምድ አይቅር። መሣሪያውን ሳይነፋ በጣቶቹ ብቻ መዝሙሩን ይከተል። ቦታውን ለሸፈነው ልጅ ትንፋሽ የት መውሰድ እንዳለበት ያሳየው፤ ለዓመታት ያወቀውን አይሰስትበት። ገመድ ይጠቅልል፣ ማይክ ያስተካክል። እሑድ ደግሞ በመድረኩ ፈንታ በሕዝቡ መካከል፣ በኋላ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ሆኖ ከመድረክ የማይሰማውን ይሰማል። ያ የሚወደው ከፍ ያለ ድምፅ በፊት ረድፍ ያሉትን የእማማዎቹን ዝማሬ ሸፍኖት እንደ ነበር ያስተውል ይሆናል። ይህ በዓመት ልምምድ የማይገኝ ትምህርት ነው።

መመለስ

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ አመላለሱ ቀስ ያለ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዝቅ ባሉና በመካከለኛ ድምፆች፣ በለስላሳው፣ ረዘም አድርጎ መንፋት ነው፤ ከፍ ያሉት ኖታዎች ለኋላ ይቆዩ። ማውዝፒሱ በደንብ ይታጠብ። ሕመም ወይም መድማት ከተሰማ፣ ወይም አየርና ውኃ ከአፍ ወደ አፍንጫ ማለፍ ከጀመረ፣ አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ደህና ከሆነ በየቀኑ በመጠኑ ይጨመራል።

ብዙዎች ከባዱ ጊዜ የዝምታው ሳምንት ይመስላቸዋል። የመመለሻው ሳምንት ይከብዳል። ከንፈር ይዝላል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ በፊት በቀላሉ የሚወጣው አልወጣም ይላል። ተተኪው ልጅ ደግሞ አድጓል። ከእርሱ አጠገብ ሁለተኛውን ድምፅ ይዞ መቀመጥ ትሕትናን በቃል ሳይሆን በከንፈር መማር ነው። የጃዝ ሙዚቀኛው ሉዊ አርምስትሮንግ ከንፈሩ ተጎድቶ እ.ኤ.አ. ከ1934 ወደ 1935 በሚያሻግረው ጊዜ ለበርካታ ወራት መንፋት አቁሞ ነበር። በዓለም የታወቀ ስም ነበረው፤ ዝናም እንደሚረሳ ያውቃል። ግን ዐርፎ ተመለሰ፣ ከዚያም ከ30 ዓመት በላይ በመድረክ ቆየ። ለዝናው የሚጫወት ሰው ከንፈሩን እንዲህ ከጠበቀ፣ ለእግዚአብሔር ክብር የምንጫወት እኛ እንዴት እናቃልለው?

ለመሪዎችም አንድ ቃል አለን። የተነቀለውን ልጅ “መቼ ትመለሳለህ?” ከማለታችን በፊት “እንዴት አደርህ?” እንበለው። ወንበሩን አናንሣበት። ሲመለስም ሸፍኖ የቆየውን ልጅ እንደ ጊዜያዊ ዕቃ አናስወግደው፤ ሁለቱም የሚቀመጡበት ቦታ እናብጅ። ወጣቶቻችን ቦታቸውን እንደማያጡ ካወቁ ቁስላቸውን አይደብቁንም።

ዝም ያለ መለከት ያገለግላልን? ነፊው ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር እስካለ ድረስ፣ አዎን ያገለግላል። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ለእግዚአብሔር የሚሰጠው ድምፅ የለውም፤ የሚሰጠው ራሱን ብቻ ነው። ምናልባትም ድምፁ በነበረበት ጊዜ ለመስጠት የዘነጋው ያንን ሊሆን ይችላል።

ለኅብረት ውይይት

1. በኅብረታችን ውስጥ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ለጊዜው ከአገልግሎት የራቀ ሰው አለ? ከራቀ በኋላ ስንት ጊዜ ጠየቅነው?

2. “ፕሮግራሙ ያለ እኔ አምሮ ቢያልፍ ደስ ይለኛል?” ለሚለው ጥያቄ የእናንተ መልስ ምንድን ነው?

3. በአፍሮዲጡ መሥዋዕትነትና በሳክስፎን ተጫዋቹ ችኮላ መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት ትገልጡታላችሁ? ልዩነቱ ግልጽ የማይሆንበት ሁኔታስ አለ?

4. ጓደኛዋ በቀብር ላይ እንድትነፋ የለመነቻትን እኅት ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?